እምብዛም የማይገጥሙ ካንሰር ያልሆኑ የቆሽት ዕጢዎችን በሕክምና ምስል የመለየት የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ በጎንደርና በዙሪያዋ ባሉ ሆስፒታሎች በአልትራሳውንድና በሲቲ ስካን ክፍል ለሚሠሩ ሬዚደንቶች፣ ጠቅላላ ሐኪሞችና ራዲዮግራፈሮች የተዘጋጀ ነው። በቆሽት ላይ የሚታይ ጠጣር ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ ከቆሽት ቱቦ የሚነሣው ካንሰር ስለሆነ፣ ዓይናችን እሱን መፈለግ መልመዱ ተገቢ ነው። ችግሩ የሚመጣው ያ ልማድ ሌላውን ሁሉ ሲውጠው ነው። የስብ ዕጢ፣ በቆሽት ውስጥ የተቀመጠ ተጨማሪ ጣፊያ ወይም የአረጋዊት ሴት ውኃማ ዕጢ እንደ ካንሰር ተቆጥሮ ታማሚው የቆሽቱን ራስ፣ ዱዮዲነሙን (የትንሹን አንጀት መጀመሪያ)፣ የሐሞት ከረጢቱንና የሐሞት ቱቦውን አንድ ላይ ለሚያስወግደው የዊፕል ቀዶ ሕክምና ሊዳረግ ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ «ገር ይመስላል» ተብሎ የታለፈ ካንሰር አለ። ሁለቱም ስሕተቶች የሚመነጩት ከመሣሪያ ማነስ ይልቅ ቅደም ተከተልን ከመዝለል መሆኑን በሥራዬ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚዘለለው ደረጃ ኮንትራስት (በደም ሥር የሚሰጥ ምስል አድማቂ ፈሳሽ) ከመሰጠቱ በፊት የሚነሣው ምስል ነው። ታማሚው ብዙ ነውና፣ ጊዜም ያጥራልና፣ በቀጥታ ወደ ኮንትራስቱ ይገባል። ይሁን እንጂ ካንሰር ያልሆኑትን ዕጢዎች ከሚያስለዩን ምልክቶች ሦስቱ፣ ማለትም ስብ፣ የካልሲየም ክምችትና የፈሰሰ ደም፣ በጥራት የሚነበቡት በዚያ ምስል ላይ ነው። ኮንትራስት ከገባ በኋላ ነጭ ሆኖ የሚታየው ነጥብ ካልሲየም ይሁን፣ ደም ይሁን ወይም ኮንትራስት የጠጣ ሥጋ፣ በርግጠኝነት መናገር ይከብዳል።

ደረጃ 1፦ ከምስሉ በፊት ዕድሜን፣ ጾታንና ታሪክን ማጣራት

በቆሽት ዕጢዎች ዘንድ ዕድሜና ጾታ ራሳቸው የምርመራ ግኝት ናቸው። ውኃማ ፈሳሽ የያዘው ሴረስ ሲስታዴኖማ በአብዛኛው ከ60 ዓመት በላይ ባሉ ሴቶች ላይ ይታያል። ሙከስ (ዝልግልግ ፈሳሽ) የሚያመነጨው ሲስታዊ (ፈሳሽ የቋጠረ) ዕጢ በመካከለኛ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች በሽታ ነው ሊባል ይቻላል፤ በወንድ ላይ ማግኘት እጅግ ብርቅ ነው። ሶሊድ ስውዶፓፒለሪ የተባለው ዕጢ ደግሞ በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ወጣት ሴቶችን ይመርጣል። ከቆሽት ቱቦ ጋር የሚገናኘው ሙከሳዊ ዕጢ በብዛት የሚገኘው በዕድሜ በገፉ ሰዎች ነው። የእንግሊዝኛው መማሪያ እነዚህን «አያት፣ እናት፣ ልጅ» እያለ ያስጠናል፤ ቀላልና የሚያግዝ ዘዴ ነው፣ ነገር ግን የሚሠራው የታማሚዋ ዕድሜ በትክክል ከተመዘገበ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ አካባቢ ሁለት ወጥመዶች አሉት። አንደኛው፣ ከደምቢያ ወይም ከጭልጋ ገጠር የመጡ እናት ዕድሜያቸውን «አርባ ቢሆነኝ ነው» ሊሉ ይችላሉ፤ ካርዱ ላይም አርባ ተብሎ ይጻፋል። ቁጥሩን ከመቀበልዎ በፊት በዘመን ይጠይቁ፤ ደርግ ሲገባ አግብተው ነበር ወይስ ገና ልጅ ነበሩ፣ በ1977ቱ ድርቅ ስንት ልጆች ነበሯቸው? ከሁለት ጥያቄ በኋላ አርባ የተባለው ስድሳ አምስት ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ የሚጠረጠረው ዕጢም አብሮ ይለወጣል። ሁለተኛው ወጥመድ የዘመን አቆጣጠር ነው። የሲቲ መሣሪያው የሚያሰላው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ፣ የልደት ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ከገባ መሣሪያው ታማሚውን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያስረጀዋል።

ከዕድሜ ቀጥሎ የሚጠየቁት ጥቂት ናቸው። የቆሽት ብግነት ይዞት ያውቃል ወይ? ከባድ የሆድ ሕመም ይዞት ሆስፒታል የተኛ ወይም አልኮል አብዝቶ የሚጠጣ ሰው ላይ የሚታይ ፈሳሽ ከረጢት ከዕጢ ይልቅ ስውዶሲስት (ከብግነት በኋላ የተጠራቀመ ፈሳሽ) የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሐሞት ጠጠርን፣ በሐሞት ቱቦ የሚገባውን ወስፋትና በሆድ ላይ የደረሰ ምትን አይርሱ። በረኃብ ሰዓት የሚያልበው፣ የሚንቀጠቀጥና ግራ የሚጋባ፣ ስኳር ሲቀምስ የሚሻለው ሰው በደሙም ዝቅተኛ ስኳር ከታየ የዊፕል ሦስት ምልክቶች ተሟልተዋልና ኢንሱሊኖማን (ኢንሱሊን የሚያመነጭ የቆሽት ዕጢን) እንፈልጋለን። የሳንባ ነቀርሳ ታሪክና የኤችአይቪ ሁኔታ የግድ ይጠየቃሉ፤ ምክንያቱ ወደ ታች ይብራራል። በቤተሰብ የኩላሊት፣ የዓይን ወይም የአንጎል ዕጢ ካለ ቮን ሂፕል ሊንዳው የተባለውን የዘር በሽታ ያስቡ፤ በዚህ በሽታ በቆሽት ላይ ብዙ ሲስቶችና ሴረስ ዕጢዎች ይታያሉ።

ደረጃ 2፦ አልትራሳውንድ

ታማሚው ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ሳይበላ ይምጣ። በጾም ወራት ሽሮና ባቄላ የሚበዛበት ገበታ አንጀትን በጋዝ ስለሚሞላ፣ ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ጥራጥሬ እንዲቀንስ መንገር ይጠቅማል። በሌላ በኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ምእመን ሆዱ ባዶ ስለሆነ ለአልትራሳውንድ የተመቸ ነው፤ ሆኖም በምርመራው መሐል ውኃ ጠጡ ሲባል ላይፈቅድ ይችላል። ይህንን አስቀድመው በአክብሮት ይጠይቁና ካልፈቀደ ቀጠሮውን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያድርጉ፤ በግዴታ የተጠጣ ውኃ መተማመንን ያጠፋል።

ከ3 እስከ 5 ሜጋኸርዝ ያለውን ክብ ፕሮብ ከደረት አጥንት በታች በአግድም ያኑሩ። ቆሽትን በቀጥታ አይፈልጉ፤ መጀመሪያ አኦርታን፣ ከዚያ ከፊቱ ያለውን የላይኛውን የአንጀት ደም ቅዳ፣ ከዚያም የጣፊያውን ደም መልስ ያግኙ። ቆሽቱ በጣፊያው ደም መልስ ፊት ለፊት እንደ ተጋደመ ይገኛል። የጉበትን ግራ ክፍል እንደ መስኮት ይጠቀሙ፤ ታማሚው በጥልቀት ሲተነፍስ ጉበቱ ወርዶ መስኮቱን ያሰፋዋል። ጋዝ ከጋረደ ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ውኃ አጠጥተው ታማሚውን ያስቀምጡት፤ በውኃ የተሞላው ጨጓራ ሁለተኛ መስኮት ይሆናል። ጅራቱን በፊት ለፊት ካጡት በግራ ጎን በኩል በጣፊያው ውስጥ አሻግረው ይመልከቱ። ከመተማና ከሑመራ ቆላ በካላዛር ተይዘው የሚመጡ የቀን ሠራተኞች ጣፊያቸው እጅግ ያበጠ ስለሆነ በዚህ አቅጣጫ ጅራቱ ከሌላው ሰው በተሻለ ሊታይ ይችላል።

የቆሽቱ ዋና ቱቦ ስፋት ይለካ፤ በራሱ በኩል እስከ 3 ሚሊ ሜትር ድረስ እንደ ጤናማ ይወሰዳል። ያገኙት ነገር ጥቁር ፈሳሽ ቢመስልም ባይመስልም ዶፕለርን (የደም ፍሰት ማሳያውን) ሳያበሩ ስም አይስጡት። የጣፊያ ደም ቅዳ እብጠት በተራው ምስል ላይ ፍጹም ሲስት ይመስላል፤ በቢልሃርዝያ ምክንያት የፖርታል (ወደ ጉበት የሚገባው ደም መልስ) ግፊት ከፍ ባለበት ሰው ደግሞ በቆሽት ጅራት ዙሪያ የተጠማዘዙ ደም መልሶች ዕጢ መስለው ይታያሉ። ዶፕለር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ደም በተሞላ እብጠት ውስጥ የገባ መርፌ ግን ሕይወት ያሳጣል።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ሴረስ ሲስታዴኖማ በጣም ደቃቃ ሲስቶች ያሉት ከሆነ በአልትራሳውንድ ላይ ጠጣርና ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ድምፁ ከእያንዳንዱ ቀጭን ግድግዳ ስለሚነጥር ነው። ስለዚህ በአልትራሳውንድ «ጠጣር» ያሉትን በሲቲና በኤምአርአይ «ፈሳሽ» ብለው ቢያርሙት አይፈሩ።

ደረጃ 3፦ የሲቲ ስካን አነሣስ

ከኮንትራስት በፊት ክሪያቲኒን (የኩላሊት የደም ምርመራ) ይታይ፤ የኩላሊት የማጣራት አቅም ከ30 በታች ከሆነ ጥቅሙና ጉዳቱ ከላኪው ሐኪም ጋር ይመዘን። ከምርመራው ግማሽ ሰዓት በፊት ታማሚው ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተራ ውኃ ይጠጣ። ነጭ ሆኖ የሚታይ የሚጠጣ ኮንትራስት ለቆሽት አይሰጥም፤ የዱዮዲነሙን ግድግዳና ደቃቅ የካልሲየም ነጥቦችን ይሸፍናልና።

ከዚያ ሦስት ዙር ይነሣል። መጀመሪያ ያለ ኮንትራስት በላይኛው ሆድ ብቻ። ቀጥሎ ኮንትራስቱ በሴኮንድ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ፍጥነት በትልቅ መርፌ ገብቶ ከ35 እስከ 45 ሴኮንድ ባለው ጊዜ የቆሽት ፌዝ (ኮንትራስቱ ቆሽትን በሚያደምቅበት ጊዜ የሚነሣ ምስል)፤ በዚህ ጊዜ ጤናማው ቆሽት በኃይል ስለሚደምቅ ካንሰሩ ጨልሞ፣ ደም የበዛበት ዕጢ ደግሞ ደምቆ ይለያል። ሦስተኛው ከ65 እስከ 70 ሴኮንድ ላይ የፖርታል ደም መልስ ፌዝ፤ ጉበትን፣ ደም መልሶችንና ቀስ ብለው የሚደምቁ ዕጢዎችን የምናይበት ነው። ኢንሱሊኖማ ከተጠረጠረ 25 ወይም 30 ሴኮንድ ላይ የሚነሣ ቀደም ያለ ፌዝ ይጨመር፤ እነዚህ ዕጢዎች ብዙውን ጊዜ ከ2 ሴንቲ ሜትር ያነሱ ናቸው፤ ድምቀታቸውም ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ያመልጣሉ። የምስሉ ውፍረት ከ3 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፤ አንድ ሚሊ ሜትር ከተቻለ ቱቦውን በጠመዝማዛ መንገዱ ለመከተል ያስችላል።

ራዲዮግራፈሮችን የምለምነው ሰዓቱን እንዲጽፉ ነው። የልብ ድካም ባለበት ሰው ኮንትራስቱ ዘግይቶ ይደርሳል፤ በሰዓቱ ላይ ብቻ ተማምኖ «የቆሽት ፌዝ» ተብሎ የተሰየመ ምስል በእውነቱ ገና የአኦርታ ምስል ሊሆን ይችላል። አንባቢው ጣፊያውን አይቶ ይመርምር፤ ጣፊያው እንደ ሜዳ አህያ ቆዳ ዝንጉርጉር ከሆነ ፌዙ ቀደም ያለ ነው፤ አንድ ወጥ ሆኖ ከደመቀ የፖርታል ፌዝ ነው።

ደረጃ 4፦ ዕጢው በርግጥ የቆሽት ነውን?

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ በዚህ ጥያቄ ላይ ይቆማል። ዕጢውና ቆሽቱ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ይመልከቱ፤ የቆሽቱ ሥጋ ዕጢውን እንደ ጥፍር ከግራና ከቀኝ ከያዘው ከቆሽት የመነጨ ነው፤ በመካከላቸው ቀጭን የስብ መስመር ካለ ከውጭ የተጠጋ ነው። የጨጓራ ግድግዳ ዕጢ፣ የግራ አድሬናል ዕጢ፣ የዱዮዲነም ኪስና ያበጠ ንፍፊት ቆሽት መስለው የሚቀርቡ የተለመዱ እንግዶች ናቸው። የዱዮዲነም ኪስ አየር ወይም የተጠጣ ውኃ ስለሚይዝ ታማሚውን ገልብጦ ድጋሚ ማንሣት ይፈታዋል።

በዚህ ደረጃ የሚታወሰው ዋናው አስመሳይ በቆሽት ጅራት ውስጥ የተደበቀ ተጨማሪ ጣፊያ ነው። ተጨማሪ ጣፊያ ከአሥር ሰዎች ቢያንስ በአንዱ ይገኛል፤ ከነዚህም ጥቂት የማይባሉት የሚቀመጡት በቆሽት ጅራት ነው። ክብ ነው፣ ከጅራቱ ጫፍ በ3 ሴንቲ ሜትር ክልል ውስጥ ይገኛል፣ በኃይልም ይደምቃል፤ ስለዚህ ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢን (ከሆርሞን አመንጪ ሕዋሳት የሚነሣውን) ይመስላል። እኔ ራሴ በሬዚደንትነቴ ጊዜ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል፣ እንዲህ ያለውን ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ ብዬ ጽፌው ነበር። አስተማሪዬ ምንም ሳይናገር የመለኪያውን ክበብ አንዴ በዕጢው ላይ፣ አንዴ በጣፊያው ላይ አኖረና በሦስቱም ዙር ቁጥሩን አስነበበኝ። በሦስቱም እኩል ነበር። ሕጉ ይኸው ነው፤ በጅራት ላይ ያለ ደማቅ ክብ ነገር በሁሉም ፌዝ፣ በኤምአርአይም በሁሉም ምስል፣ ጣፊያውን እንደ ጥላ ከተከተለ ጣፊያ ነው፤ በአንዱ ፌዝ ብቻ መመሳሰል ግን ምንም አያረጋግጥም። በጉዳት ምክንያት ጣፊያው የወጣለት ሰው ላይ ደግሞ ተጨማሪው ጣፊያ ሊያድግ ይችላል፤ የሚወዳደርበት ጣፊያ በሌለበት ለማረጋገጥ የሚቀረው በሙቀት የተጎዱ ቀይ የደም ሕዋሳትን በቴክኒሺየም አስይዞ የሚነሣው የኑክሌር ምስል ነው።

ደረጃ 5፦ ስብ፣ ፈሳሽ ወይስ ሥጋ? በቁጥር መለየት

በዓይን ብቻ አይፍረዱ። የመለኪያውን ክበብ ከዕጢው ጠርዝ አርቀው ቢያንስ በሦስት ቦታ ያኑሩና የሃውንስፊልድ ቁጥሩን (ሲቲው የሚሰጠውን የጥግግት መለኪያ) በኮንትራስት የለሹ ምስል ላይ ያንብቡ። ከ30 ከዜሮ በታች እስከ 120 ከዜሮ በታች ያለው ስብ ነው። ከዜሮ እስከ 20 ውኃማ ፈሳሽ ነው። ከ50 እስከ 70 ያለው አዲስ የፈሰሰ ደም ሊሆን ይችላል። ከ130 በላይ ካልሲየም ነው። ከዚያ ያንኑ ቦታ በሌሎቹ ፌዞች ይለኩ፤ ከ20 በላይ ከጨመረ ደም የሚደርሰው ሥጋ አለ። አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ሲስት ግን ከጎኑ ያለው ሥጋ ስለሚደባለቅበት 30 ወይም 35 ሊያነብ ይችላል፤ ለትንንሾቹ ቁጥሩን እንደ ፍርድ አይውሰዱት።

ስብ ከተገኘ ሥራው ሊያልቅ ተቃርቧል። አንድ ወጥ የሆነ፣ ጠርዙ የጠራ፣ ምንም የማይደምቅ ስብ የቆሽት ሊፖማ ነው፤ መርፌም ሆነ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። በራሱ ፊት ለፊት ላይ ቅርጽ የሌለው፣ ቱቦውንና ደም ሥሮቹን ሳይገፋ የሚያልፍ ስብ ሲታይ ግን ዕጢ ሳይሆን ቆሽቱ ራሱ በከፊል ስብ የሆነበት ነው። ስብና ካልሲየም በአንድ ሲስት ውስጥ ከተገናኙ እጅግ ብርቅ የሆነው ቴራቶማ ይታሰባል።

ደረጃ 6፦ ሲስታዊ ዕጢዎችን መለየት

ሰፊው ሥራ እዚህ ነው። ሴረስ ሲስታዴኖማን ለማወቅ የእንጀራ ዓይንን ያስቡ። ከስድስት የሚበልጡ፣ እያንዳንዳቸው ከ2 ሴንቲ ሜትር የማይበልጡ ሲስቶች ተጠጋግተው፣ ውጫዊው ጠርዝ እንደ ጎመን አበባ ጎበጥ ጎበጥ ብሎ ይታያል። በመሐሉ ጠባሳ ሊኖረው ይችላል፤ ከዚህም ጠባሳ ላይ ጨረር የመሰለ የካልሲየም ክምችት እስከ 30 በመቶ በሚሆኑት ላይ ይገኛል፤ ሲገኝ አሳማኝ ምልክት ነው። ከቱቦው ጋር አይገናኝም። ካንሰር መሆኑ በጣም ብርቅ ስለሆነ በትክክል ከታወቀ ታማሚዋ ከቢላ ትድናለች።

አስቸጋሪ የሚሆነው በሁለት መልክ ሲመጣ ነው። አንደኛው ጥቂት ትልልቅ ሲስቶች ብቻ ያሉት ዓይነት ነው፤ ይህ ከሙከሳዊው ዕጢ ጋር ይምታታል፤ ጎበጥ ጎበጥ ያለ ጠርዝና የማይደምቅ ቀጭን ግድግዳ ወደ ሴረስ ያዘነብላሉ። ሁለተኛው ሲስቶቹ በዓይን እስከማይለዩ ድረስ የደቀቁበት ነው፤ በሲቲ የቆሽት ፌዝ ላይ ደምቆ ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ ይመስላል። መፍትሔው ኮንትራስት የለሹን ምስል ማየት ነው፤ በዚያ ላይ ቁጥሩ ወደ ውኃ ከቀረበ ጠጣር ዕጢ አይደለም።

ሙከሳዊው ሲስታዊ ዕጢ ወፍራም ሽፋን ያለው፣ ክብ፣ በአካሉ ወይም በጅራቱ ላይ የሚቀመጥ፣ ጥቂት ክፍሎች ያሉት ነው። ካልሲየም ካለው እንደ እንቁላል ቅርፊት በጠርዙ ላይ ነው፤ በመሐል ካለው ሴረስ የሚለየውም በዚህ ነው። ይህ ዕጢ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ስለሚችል «ገር» በሚለው ቃል አይጠራ። በግድግዳው ላይ የሚደምቅ ጉብታ ከታየ ወይም ከ4 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ለቀዶ ሐኪም ይቅረብ።

ከቱቦው ጋር የሚገናኘው ሙከሳዊ ዕጢ በቅርንጫፍ ቱቦ ላይ ከሆነ የወይን ዘለላ ይመስላል። ዋናው ቱቦ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ መስፋቱ ያሳስባል፤ 10 ሚሊ ሜትር ከደረሰ፣ 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ የሚደምቅ ጉብታ ካለው ወይም ታማሚው ዓይኑ ቢጫ ከሆነ አደጋው ከፍተኛ ነው።

ሊምፎኤፒቴሊያል ሲስት ብዙም አይገጥምም፤ በአምሳዎቹ ዕድሜ አካባቢ ባሉ ወንዶች ላይ ከቆሽቱ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ በውስጡ ኬራቲን ስላለ ፈሳሹ ጥርት ያለ አይሆንም። በደም ውስጥ ያለውን ሲኤ 19-9 የተባለ የካንሰር ጠቋሚ ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል በዚያ ቁጥር ብቻ ካንሰር ነው ማለት አደገኛ ነው። ሊምፋንጂዮማ ብዙ ቀጫጭን ግድግዳዎች ያሉት፣ በአካላት መካከል እየተሽሎከሎከ የሚገባ ለስላሳ ሲስት ነው።

በእኛ አገር በዚህ ዝርዝር ላይ የሚጨመሩ ሁለት ነገሮች አሉ። ከብትና በግ ከውሻ ጋር በሚያድሩበት አካባቢ ለኖረ ሰው የሃይዳቲድ ሲስት ይታሰብ፤ በቆሽት ላይ ብርቅ ነው፤ በውስጡ ትንንሽ ሲስቶች ወይም ተላቅቆ የተንሳፈፈ ሽፋን ከታየ፣ በጉበትም ላይ ተመሳሳይ ካለ፣ መርፌ ከመግባቱ በፊት ይታሰብበት፤ ፈሳሹ ሲፈስ ከባድ የሰውነት ቁጣ ሊያስነሣ ይችላል። ሁለተኛው የቆሽት ነቀርሳ፣ ማለትም ቲቢ ነው፤ በራሱ ላይ ጨለም ያለ ዕጢ፣ በዙሪያው መሐላቸው ጨልሞ ጠርዛቸው የሚደምቅ ንፍፊቶች፣ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ካሉበት፣ ካንሰር ተብሎ ከመቆረጡ በፊት ናሙና ይወሰድ። በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው።

ደረጃ 7፦ ጠጣር ዕጢዎች

ሶሊድ ስውዶፓፒለሪ ዕጢን ሀኪሟ ቨርጂኒያ ፍራንትዝ በ1959 እ.ኤ.አ. ገልጸውታል። በወጣት ሴት ላይ፣ ትልቅ፣ ወፍራም ሽፋን ያለው፣ በውስጡ ሥጋና የፈሰሰ ደም የተቀላቀለ ሆኖ ይታያል፤ ሥጋው በጠርዙ በኩል ቀስ በቀስ ይደምቃል። ይህንን ያህል ትልቅ ሆኖ ሳለ የቆሽቱንና የሐሞቱን ቱቦ አለማስፋቱ ራሱ ምልክት ነው። ዝቅተኛ የካንሰርነት ጠባይ ስላለው ይወገዳል፤ ከተወገደ በኋላ አብዛኞቹ ታማሚዎች ይድናሉ።

ኢንሱሊኖማ ቀደም ባለው ፌዝ ደምቆ የሚታይ ትንሽ ክብ ዕጢ ነው። ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ወደ ሌላ አካል አይዛመቱም። ምስሉ ከመነሣቱ በፊት በሽታው በደም ምርመራ ይረጋገጥ፤ ምስሉ የሚያሳየው ቦታውን ነው እንጂ በሽታውን አይደለም። ሽዋኖማ ከነርቭ ሽፋን የሚነሣ፣ ሽፋን ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚደምቅና አንዳንዴ በውስጡ ሲስት የሚያወጣ ዕጢ ነው፤ በምስል ብቻ ስሙን መጥራት ስለማይቻል በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ይቀመጥ።

ጠጣሩ ዕጢ ከአካባቢው ጨልሞ ከታየ፣ ከኋላው ያለው ቱቦ በድንገት ተቋርጦ ከሰፋ፣ ቆሽቱ ከመነመነ ወይም ዕጢው ደም ሥርን ከግማሽ ዙሪያው በላይ ከከበበ፣ ስለ ብርቅ ዕጢዎች ማሰብ እዚያ ላይ ይቁም። እነዚህ የካንሰር ምልክቶች ናቸው።

ደረጃ 8፦ ኤምአርአይና መርፌ መቼ?

ኤምአርአይ የሚጠየቀው ጥያቄ ሲኖር ብቻ ነው፤ ታማሚው ሩቅ መንገድ ተጉዞና ከፍሎ የሚነሣው ከሆነ ደግሞ ጥያቄው በማዘዣው ላይ ይጻፍ። «ሲስቱ ከቱቦው ጋር ይገናኛል ወይ?» ለሚለው ኤምአርሲፒ (የቱቦዎች ምስል)፣ «ደቃቃ ሲስቶች አሉ ወይ?» ለሚለው ቲ2፣ «ደም አለበት ወይ?» ለሚለው ስቡ የተጨቆነበት ቲ1፣ «ጣፊያ ነው ወይ?» ለሚለው ዲፊውዥን የተባሉት የኤምአርአይ ምስል ዓይነቶች ይመልሳሉ። «ኤምአርአይ ሆድ» ብቻ ተብሎ የተላከ ማዘዣ ገንዘብ ያባክናል።

በኢንዶስኮፒ አልትራሳውንድ የሚቀዳ ፈሳሽ የሚያስፈልገው ውጤቱ የሕክምናውን ውሳኔ የሚለውጥ ሲሆን ነው። በፈሳሹ ያለው ሲኢኤ (የዕጢ ጠቋሚ ፕሮቲን) ከ192 ናኖ ግራም በሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ወደ ሙከሳዊ፣ ከ5 በታች ከሆነ ወደ ሴረስ ወይም ወደ ስውዶሲስት ያዘነብላል፤ አሚሌዝ (የቆሽት ኢንዛይም) ከ250 በታች ከሆነ ስውዶሲስት የመሆን ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። ሲኢኤ በማይሠራበት ቤተ ሙከራ የፈሳሹን ስኳር መለካት ርካሽና ጠቃሚ ነው፤ ከ50 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች መሆኑ ሙከሳዊነትን ያመለክታል። ስውዶሲስትም ዝቅ ሊያደርገው ስለሚችል ግን ከምስሉ ተነጥሎ አይነበብ።

ደረጃ 9፦ ሪፖርት አጻጻፍና ክትትል

ሪፖርቱ የዕጢውን ቦታ፣ በሚሊ ሜትር ሦስቱን ልኬቶች፣ ከኮንትራስት በፊትና በኋላ ያሉትን ቁጥሮች፣ ግድግዳውን፣ የካልሲየሙን ቦታ፣ የዋናውን ቱቦ ስፋት፣ ከቱቦው ጋር ስለመገናኘቱ፣ የደም ሥሮቹንና የጉበቱን ሁኔታ ይያዝ። ከዚያ አንድ ዋና ግምት፣ ቢበዛ ሁለት አማራጮች ይጻፉ። ስድስት በሽታ የዘረዘረ ሪፖርት ቀዶ ሐኪሙን አይረዳም፤ ጸሐፊው እንዳልወሰነ ብቻ ይነግረዋል።

ለታማሚው ሲነገር ቃል ይመረጥ። «ዕጢ አለብዎት» ሲባል ብዙ ሰው የሚሰማው «ካንሰር አለብዎት» የሚለውን ነው፤ በሬ ሸጦ አዲስ አበባ የሚወርድ ወይም ቀጠሮውን ትቶ ጠበል የሚገባ አለ። ጠበሉን አይከልክሉ፤ የክትትሉን ቀን ግን ከቤተሰቡ ጋር ሆነው ይወስኑ፤ «ውኃ የቋጠረ ነገር ነው፣ ካንሰር አይመስልም፣ ማደግ አለማደጉን እናየዋለን» ማለት ለሴረስ ሲስታዴኖማ እውነትም ነው፣ የሚገባም ነው። ምልክት የሌለው ሴረስ ሲስታዴኖማ በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው የአውሮፓ መመሪያ መሠረት ለአንድ ዓመት ክትትል ይደረግበታል፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው ሕመም ሲሰማ ብቻ ነው።

የክትትሉ ምስል ከቀድሞው ጋር የሚወዳደረው በተመሳሳይ ፌዝና በተመሳሳይ አቅጣጫ ሲለካ ነው፤ የአልትራሳውንድን ልኬት ከሲቲ ልኬት ጋር አያወዳድሩ። የምስሉ ሲዲ ለታማሚው ይሰጥ፤ ሽፋኑ ላይ የካርድ ቁጥር፣ ስም ከነአባትና ከነአያት፣ እንዲሁም ቀኑ በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር ይጻፍበት።